ካደጉ በኋላ ሰነፍ ዓይን በመነፅር ይመለሳል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን፣ 26 ዓመቴ ነው፣ ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ላይ ነው የምሰራው። በቀደም ለመንጃ ፈቃድ ሜዲካል ልመረመር ሄጄ ቀኝ ዓይንሽን ሸፍኚ ሲሉኝ በግራዬ ከላይ ካሉት ትልልቆቹ በቀር ምንም የለም፣ ለካ እስከዛሬ የኖርኩት በአንድ ዓይን ነው! ደንግጬ አንድ መነፅር ቤት ገባሁ፣ በኮምፒውተር አዩኝና ቀኙ ፕላስ 1 ግራው ፕላስ 5 ነው አሉኝ፣ ግን ግራው ሰነፍ ዓይን ነው፣ በልጅነት ካልታከመ አለቀ ደቀቀ፣ ለሱ ሌንስ ማባከን ነው ብለው ለሁለቱም እኩል ፕላስ 1 ገጠሙልኝ። ዘመዴ ደግሞ ደህናውን ዓይን በጨርቅ እየሸፈንሽ ዋዪ ይለኛል፣ ቴሌግራም ላይ ደግሞ ሰነፍ ዓይንን በጌም እናድናለን የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ማንን ልመን? ነገ ልጅ ብወልድስ ይተላለፋል? (ከአቶቴ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን አወቅሽው። ብዙ ሰው እንዳንቺ ለመንጃ ፈቃድ ሲመረመር ነው የሚባንነው፣ ወይ ደግሞ ደህናው ዓይኑ ውስጥ ትቢያ ይገባና ሲያሸው «እንዴ ይሄኛው ምን ሆኖ ነው?» ይላል። ሁለቱም ክፍት ሲሆኑ ደህናው ስራውን ሁሉ ስለሚሸፍን ጉድለቱ አይታወቅም፣ አያምም፣ አይቀላም፣ ምንም የለውም።

ሰነፍ ዓይን ማለት በልጅነት ጥርት ያለ ምስል ስላልደረሰው አንጎል በሱ ማየትን በደንብ ያልተማረበት ዓይን ነው። አጭሩ መልስ ይሄ ነው፦ መነፅር ሊጠቅምሽ ይችላል፣ ያሁኑ መነፅርሽ ግን ግራ ዓይንሽን ሊያክመው አይችልም። 5 ለሚፈልግ ዓይን 1 ሰጥቶ «አይመለስም» ማለት ሳይሞክሩ መፍረድ ነው። እርግጥ ልዩነቱ ሲበዛ ራስ ምታት እንዳያመጣብሽ ሰግተው ሊሆን ይችላል፣ እሱ የራሱ መልስ አለው፣ እመጣበታለሁ፣ ግን ቢያንስ ምርጫው ላንቺ መነገር ነበረበት።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ካወቅሽ ህክምናውም ይገባሻል፣ ስለዚ ትንሽ ታገሺኝ። ፕላስ ያለው ልጅ (ዓይኑ ሳይጥር በተለይ ቅርቡ የማይጠራለት ማለት ነው) ዓይኑ ውስጥ ያለችውን የተፈጥሮ ሌንስ በጡንቻ እያወፈረ ነው ነገር የሚጠራለት፣ ታዲያ ይሄ ትዕዛዝ ከአንጎል የሚመጣው ለሁለቱም ዓይን እኩል ነው፣ ለቀኙ 1 ለግራው 5 ብሎ ለየብቻ ማዘዝ የለም። አንጎል ደግሞ ቀላሉን ነው የሚመርጠው፣ ለቀኙ የሚበቃውን 1 ያዝዝና ቀኙ ጥርት ሲልለት ይረካል፣ ግራው 4 ቁጥር እንደጎደለው ይቀራል። ቅርብም ቢሆን ሩቅም ቢሆን ማለት ነው፣ ደብተርሽ ላይ ስትጽፊም ታቦር ተራራን ከሩቅ ስታዪም ያ ዓይን አንድም ቀን ጥርት ያለ ምስል ደርሶት አያውቅም። በማይናስ (ሩቁ በሚደበዝዝበት) ቢሆን እንደዚ አይከፋም ነበር፣ አንዱ ዜሮ ሌላው ማይናስ 3 የሆነ ልጅ ደካማው ዓይን ቢያንስ ቅርብ የያዘውን ነገር አጥርቶ ያያል፣ ስለዚ ልምምዱን ሙሉ በሙሉ አያጣም። ለዛ ነው በፕላስ በኩል የ1 ወይ የ1 ተኩል ልዩነት ብቻ አንዱን ዓይን ሊያሰንፍ የሚችለው፣ በማይናስ ግን ብዙ ጊዜ ከ2 ወይ ከ3 በላይ ልዩነት ይፈልጋል። ሌሎቹ መነሻዎች መሸውረር፣ ከልደት ጀምሮ ያለ የዓይን ሞራ፣ ብሌኑን የሚሸፍን የወደቀ የዓይን ቆብ ናቸው፣ ያንቺ ግን በላክሽው ቁጥር ስገምት የመጀመሪያው ዓይነት ይመስላል።

እና ችግሩ ከዓይኑ ኳስ ይልቅ አንጎል ጋ ነው ያለው። ዴቪድ ሂዩበልና ቶርስተን ዊዝል የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የድመት ግልገሎችን አንድ ዓይን ሰፍተው ለተወሰነ ጊዜ ዘጉና አንጎል ውስጥ የተዘጋው ዓይን ድርሻ በክፍቱ ዓይን ተወርሶ አገኙት፣ ያደገ ድመት ላይ ሲሞክሩት ግን እንደዛ አልሆነም። በ1981 ኖቤል የተሸለሙት ስለ እይታና አንጎል በሰሩት በዚህና በመሳሰለው ስራ ነው። እንግዲህ «ከ7 ከ8 ዓመት በኋላ በሩ ተዘግቷል» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ቆሞ ነው ለአርባ ምናምን ዓመት የተደጋገመው፣ መነፅር ቤቱም ያሉሽ እሱን ነው፣ ከአየር ላይ አላመጡትም። ግን በሩ ጠበበ ማለትና ተዘጋ ማለት ይለያያል።

በ2005 አሜሪካ ውስጥ ከ7 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 507 ልጆች ላይ የተሰራ ጥናት ታተመ። ግማሾቹ ትክክለኛ መነፅር ብቻ ተሰጣቸው፣ ግማሾቹ መነፅሩ ላይ ደህናውን ዓይን በቀን ጥቂት ሰዓት መሸፈን ተጨመረላቸው፣ ትንንሾቹ ደግሞ ደህናውን ዓይን የሚያደበዝዝ ጠብታም ነበራቸው። ከ7 እስከ 12 ካሉት ውስጥ በፊደል መለኪያው ሰሌዳ ላይ ሁለት መስመርና ከዛ በላይ የተሻሻሉት መሸፈን የተጨመረላቸው 53 በመቶ፣ መነፅር ብቻ የተሰጣቸው 25 በመቶ ሆኑ። ከ13 እስከ 17 ያሉት ጋ ሲደርስ 25 እና 23 በመቶ ሆነ፣ ማለትም መሸፈኑ እምብዛም ልዩነት አላመጣም፣ ነገር ግን ከነሱ ውስጥ ቀድሞ ታክመው የማያውቁት ለብቻ ሲታዩ መሸፈን ከነመነፅሩ 47፣ መነፅር ብቻ 20 በመቶ ነበር። እኔን የሚገርመኝ ያ መነፅር ብቻ የሚለው ቁጥር ነው፣ ጎረምሳ ሆነው እንኳ ከአምስት አንዱ ያህል መነፅር ከማድረግ በቀር ምንም ሳይሰራ ሁለት መስመር ወረደለት። አንቺ 26 ነሽ፣ 17 አይደለሽም፣ ቁጥሩን እንዳለ ወዳንቺ ማምጣት አልችልም። ግን ትልልቅ ሰዎች ደህናው ዓይናቸው በበሽታ ሲጠፋባቸው ዕድሜ ልኩን ሰነፍ የነበረው ዓይን አንዳንዶቹ ላይ ሲሻሻል ታይቷል፣ ያ ደግሞ ያደገ አንጎልም ጨርሶ እንዳልደረቀ ያሳያል።

ስለዚ ምን ትጠብቂ? አንድ መስመር፣ ቢበዛ ሁለት፣ ምናልባትም ምንም። 6/60 የነበረ ዓይን 26 ዓመት ላይ 6/6 ይሆናል ያለሽ ሰው ካለ ገንዘብሽን ሊበላ ነው። ግን 6/24 የነበረ 6/15 ቢሆን (6/24 ማለት ጤነኛው ሰው 24 ሜትር ላይ ቆሞ የሚለየውን አንቺ 6 ሜትር ድረስ ቀርበሽ ነው የምትለዪው ማለት ነው) ደረጃ ስትወርጂ፣ ቡና ከጀበና ስኒ ላይ ስትቀጂ፣ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ስታስገቢ ርቀት መገመት ትንሽ ሊቀልሽ ይችላል፣ እሱም ለሁሉም አይደለም።

አሁን ወደ ስራው። አንደኛ በኮምፒውተር የታየ ቁጥር ብቻ ይዘሽ መነፅር አታሰሪ። ወጣት ዓይን ማሽኑ ፊት ሲቀመጥ ጡንቻውን ይጨብጥና ፕላሱን ይደብቃል፣ 5 የተባለው 6 ሊሆን ይችላል፣ ቀኙም 1 ሳይሆን 2። ያንን የሚያላቅቅ ጠብታ አለ፣ ብሌኑን ያሰፋዋል፣ ከዛ በኋላ ነው እውነተኛው ቁጥር የሚለካው። ጠብታው ቅርብ ማየት ያደበዝዛል፣ ፀሐይ ያስጠላል፣ አንዳንዴ እስከ ነገ ድረስ፣ ስለዚ በእረፍት ቀንሽ ሂጂ፣ ሰው ይዘሽ ሂጂ፣ ያን ቀን ስፌት ማሽን ላይ አትቀመጪ። እዛው ከተማ የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ሁላችንም ሪፈራል የምንለው፣ የዓይን ክፍል አለው፣ ይሄን ምርመራ ሲያደርጉልሽ በሰፋው ብሌን የዓይንሽን ጀርባም ይዩልሽ። ይሄ ዝም ብሎ ፎርማሊቲ አይደለም፣ ሰነፍ ዓይን የሚባለው ሌላ በሽታ አለመኖሩ ሲረጋገጥ ነው። ሬቲና ላይ ያለ የድሮ ጠባሳ፣ የነርቭ ችግር፣ በተለይ አለርጂ ያለባቸውና ዓይናቸውን የሚያሹ ወጣቶች ላይ የሚመጣው የጥቁሩ ዓይን ፊት መሾል፣ እነዚህ ሁሉ «ሰነፍ ነው» ተብለው የሚታለፉበት ጊዜ አለ። ደግሞ ልብ በይ፣ ሰነፍ ዓይን ድንገት አይመጣም። ትናንት ያይ የነበረ ዓይን ዛሬ ከደበዘዘ፣ መጋረጃ ከመጣበት፣ ካመመው፣ የዛኑ ቀን ሐኪም ጋ ነው፣ መጽሔት ላይ ጥያቄ አይጻፍም።

ለጊዜው ቤትሽ የምትሞክሪያት ነገር አለች። ወፍራም ወረቀት በመርፌ ብሺና ቀኝሽን ሸፍነሽ በግራሽ በቀዳዳዋ ግድግዳ ላይ ያለ ካላንደር እዪ፣ ከበፊቱ ከጠራልሽ ቢያንስ ያ ያህሉ ብዙ ጊዜ በመነፅር ሊስተካከል የሚችል ድርሻ ነው ማለት ነው፣ ካልጠራልሽ ግን ተስፋ አትቁረጪ፣ ሰነፍ ዓይን ብዙ ጊዜ በቀዳዳም አይጠራም። ሌላው ምልክት ደግሞ ፊደል ለብቻው ሲሆን ታዪውና በመስመር ሲደረደር እርስ በርሱ ይጋጭብሻል፣ ይሄ የታወቀ የሰነፍ ዓይን ጠባይ ነው፣ ስለዚ ስትለኪ አንድ በአንድ ሳይሆን በመስመር እንዲያሳዩሽ ጠይቂ፣ አለበለዚያ ዓይንሽ ካለው በላይ ጎበዝ ይመስላል።

ሁለተኛ፣ መነፅሩን ለሁለቱም ዓይን በሚገባው ቁጥር አሰሪና አድርጊው። «አድርጊው» ስል ጠዋት ከአልጋ ስትነሺ ጀምሮ ማታ እስክትተኚ ነው፣ ፎቶ ስትነሺ አውልቀሽ ስራ ላይ ብቻ ማድረግ አይቆጠርም። ልጆች ላይ በተሰሩ ጥናቶች መነፅር ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ ሰተት ብሎ እስከ 18 ሳምንት ድረስ ይቀጥላል፣ አራት ወር በይው። ከ3 እስከ 7 ዓመት የሆኑ 84 ልጆች ላይ የተሰራ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ላይ 77 በመቶዎቹ በመነፅር ብቻ ሁለት መስመርና ከዛ በላይ ተሻሽለዋል፣ 27 በመቶዎቹማ ሌላ ህክምና ሳያስፈልጋቸው ሰነፍ ዓይናቸው ተስተካክሏል። ትልቅ ሰው ላይ እንደዛ አይፈጥንም፣ እንደዛም አይበዛም፣ ግን አራቱን ወር ሳትሞዪ «ሞክሬው አልሰራም» እንዳትዪ። ሲጀመር የተለካሽበትን ወረቀት ፎቶ አንሽና ያዢ፣ በየስድስት ሳምንቱ ከመነፅሩ ጋር ተለኪ፣ ቁጥሩ ካልተጻፈ ተሻለኝ አልተሻለኝም የሚለው ወሬ ብቻ ነው።

አሁን ያልኩሽ ራስ ምታት። ፕላስ 5 ሌንስ ነገር ያተልቃል፣ ፕላስ 1 ግን ብዙም አይነካውም፣ ስለዚ ሁለቱ ዓይኖችሽ የተለያየ መጠን ያለው ምስል ነው ለአንጎል የሚልኩት፣ አንዳንድ ሰው ወለሉ ያዘነበለ ይመስለዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ሌላው ደግሞ ምንም አይለውም፣ በተለይ አንጎሉ ደካማውን ዓይን መስማት ካቆመ የቆየ ሰው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንት ታገሺው። ካልሆነ መነፅሩን መሳቢያ ውስጥ አትጣዪው፣ ሐኪሙ የግራውን ቁጥር ቀንሶ ጀምሮ ቀስ እያለ ሊጨምረው ይችላል፣ ወይ ደግሞ ኮንታክት ሌንስ አለ፣ እሱ ዓይኑ ላይ ስለሚቀመጥ የምስሉን መጠን ልዩነት በጣም ይቀንሰዋል። ኮንታክት ግን ንፅህና የሚፈልግ ነገር ነው፣ በቧንቧ ውሃ አይታጠብም፣ ሐይቅ ዳር ሄደሽ እሱን አድርገሽ ውሃ አትገቢም፣ ተደርጎበት አይተኛም፣ ይሄን የማትችዪ ከሆነ ይቅርብሽ።

ዘመድሽ ስለ መሸፈን ያለው ከመሬት የተነሳ አይደለም፣ ልጆች የሚታከሙበት ዋነኛ መንገድ ነው። ግን ትልቅ ሰው በራሱ ፈቃድ አይጀምረውም። በተለይ ዓይኑ የሸወረረ ሰው አንጎሉ ሁለተኛውን ምስል አፍኖት ነው የኖረው፣ ያንን አፈና በግድ ካላቀቅሽው አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት ሊጀምር ይችላል፣ እሱ ደግሞ አንዳንዴ አይመለስም። እና በተሸፈነ ደህና ዓይን ባጃጅ የሚበዛበትን መንገድ ማቋረጥ፣ ስፌት ማሽን ላይ ጣት ማስጠጋት፣ ኧረ በፈጣሪ! አራቱን ወር በመነፅር ጨርሺ፣ ከዛ ሐኪሙ ጨምሪ ካለሽ እሱ በሚለው ሰዓት ልክ ቤት ቁጭ ብለሽ ታደርጊዋለሽ።

ጌሙን በተመለከተ፣ በ2018 የታተመ ጥናት ላይ 115 ሰዎች፣ ከ7 ዓመት ልጅ ጀምሮ እስከ ትልልቅ ሰዎች፣ ለሁለቱም ዓይን ለየብቻ የተሰራ የሚወድቁ ጡቦች ጨዋታ በቀን አንድ ሰዓት ለስድስት ሳምንት ቤታቸው እንዲጫወቱ ተደረገ፣ ግማሾቹ ደግሞ የይስሙላ ጌም ተሰጣቸው። ውጤቱ እኩል ሆነ። አሜሪካ ውስጥ በ2021 የተፈቀደ በመነፅር መሰል መሳሪያ ቪዲዮ እያሳየ የሚያክም ነገር አለ፣ እሱም ሲፈቀድ ከ4 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች ነበር። የቴሌግራሙ ሰውዬ ከነዚህ የበለጠ ነገር ካለው ቴሌግራም ላይ አይቀመጥም ነበር።

አንድ ከሁሉ በላይ እንድትሰሚኝ የምፈልገው ነገር አለ፣ ስለ ቀኝ ዓይንሽ። እንግሊዝ ውስጥ በ2002 የታተመ ጥናት አንድ ዓይኑ ሰነፍ የሆነ ሰው በዕድሜው ደህናውን ዓይን አጥቶ ለከባድ የእይታ ችግር የመዳረግ ዕድሉ ቢያንስ 1.2 በመቶ ነው ይላል፣ ትንሽ ቁጥር ይመስላል፣ ግን አንቺ መለዋወጫ የለሽም። ስለዚ መነፅርሽን ስታሰሪ በቀላሉ የማይሰበረውን ፖሊካርቦኔት የሚባለውን ሌንስ ጠይቂ፣ ስፌት ላይ መርፌ ተሰብሮ ሲፈናጠር ዓይን እንደሚያጠፋ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ዓይን ውስጥ ቅጠል መጭመቅ፣ ሰው ያዘዘለትን ጠብታ መዋስ፣ አይሆንም። ጠበል ሄጄ ልጠመቅ ካልሽ አልከለክልሽም፣ መነፅሩን አውልቀሽ ተጠመቂና መልሰሽ አድርጊው።

ለልጅ ስለመተላለፉ፣ በአብዛኛው ሰነፍ ዓይን ራሱ ሳይሆን ለሱ የሚያጋልጡት ከፍ ያለ ፕላስና መሸውረር በቤተሰብ ይሄዳሉ። ልጅ ስትወልጂ 3 ወይ 4 ዓመት ሲሞላው፣ ፊደል ባይቆጥርም ችግር የለም፣ በስዕልና የE ፊደል ጣቶች ወደየት ያያሉ በሚለው ቻርት ይታያል፣ አንዱን ዓይን ከዛ ሌላውን።

ጥያቄ፦ የ5 ዓመት ልጄ ሲደክመው አንድ ዓይኑ ወደ ውስጥ ይሸሻል፣ እናቴ ግን ሲያድግ ይተወዋል፣ ፊቱ ሲረዝም ይስተካከላል ትለኛለች፣ እስኪ ንገሩኝ። (የልጅ አባት፣ ከመናኸሪያ አካባቢ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እናትህን አክብር፣ ልጁን ግን በዚህ ሳምንት ውሰደው። ሰፊ የአፍንጫ ድልድይ ያለው ህፃን የሸወረረ የሚመስልበት ጊዜ አለ፣ እሱ በእርግጥም ሲያድግ ይጠፋል፣ እናትህ ያዩት እሱን ይሆናል። 5 ዓመት ላይ ሲደክም ወደ ውስጥ የሚሸሽ ዓይን ግን ብዙ ጊዜ የተደበቀ ፕላስ ነው፣ ትክክለኛ መነፅር ሲደረግለት ዓይኑ ራሱ ቀጥ የሚልበት አጋጣሚ ብዙ ነው፣ ያለ ቀዶ ጥገና ማለት ነው። ከላይ ለእህታችን በአራት ወር አንድ መስመር የምንለምነውን የአንተ ልጅ አሁን በቀላሉ ሊያገኘው ይችላል። ልጁ መነፅሩን አላደርግም ካለ አስተማሪዋን አግዢኝ በላት፣ ፍሬሙን ራሱ ይምረጠው።

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው፣ ከልጅነቴ ግራ ዓይኔ ሸውራራ ነው፣ ሰው ፊት ማየት አፍራለሁ። ኦፕራሲዮን ቢደረግልኝ ማየቱም ይመለስልኛል? (ስሜ ይቆይ፣ ሀዋሳ)

መልስ፦ ኦፕራሲዮኑ የሚሰራው ዓይኑን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ላይ ነው፣ ቀጥ ያደርገዋል፣ ሰነፍነቱን ግን አያድነውም፣ እሱን አምነህ እንዳትገባ። 34 ዓመት ግን ለማቃናት አልረፈደም፣ «ለቁንጅና ነው» ብለው የሚያጣጥሉትን አትስማ፣ ሰው ዓይን ለዓይን እያዩ ስራ መጠየቅ ትንሽ ነገር አይደለም። ከመቆረጥህ በፊት ሁለት ነገር ጠይቅ፦ በጠብታ ተለክቼ መነፅሬ ተስተካክሏል ወይ፣ እና ዓይኔ ሲቃና ነገር ሁለት ሆኖ ሊታየኝ ይችላል ወይ። ሁለተኛውን በፕሪዝም (ምስሉን ወደ ጎን በሚያዞር መስታወት) አስቀድመው ሊሞክሩልህ ይችላሉ፣ ሳይሞክሩ ቀጠሮ ከሰጡህ ሌላ ሐኪም አማክር፣ እዛው ሪፈራል ወይም አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል። የልጅነት ፎቶዎችህን ይዘህ ሂድ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሸሸ ማየት ይፈልጋሉ።